200,000 ስሞልት ለቀን ዓሣው ለምን አይመለስም?

ጥያቄ፦ ግድባችን የዓሣ መተላለፊያ ስለሌለው፣ በወንዝ ተወልዶ በባሕር አድጎ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚመለሰው ቺኑክ ሳልሞን ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል መውጣት አቁሟል። ለማካካሻ በየዓመቱ 200,000 ስሞልት አርብተን እንድንለቅ በፈቃዳችን ላይ ተጽፏል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን ሳናጎድል ለቀናል፤ ወደ ማጥመጃችን የሚመለሰው ዓሣ ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ለዘር ስንት ዓሣ መያዝ አለብን? የምንሳሳተውስ የቱ ላይ ነው?

ምላሽ፦ ከፈቃዱ ልጀምር፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ፈቃዱ የሚቆጥረው የምትለቁትን ነው። ግድቡ የወሰደው ግን በየዓመቱ ከባሕር ተመልሶ ይወጣ የነበረውን ጎልማሳ ዓሣ ነው። ስሞልት፣ ማለትም ሰውነቱን ለጨው ውሃ አዘጋጅቶ ቆዳው ብርማ የሆነ ወጣት ሳልሞን፣ ለዚህ ዕዳ መክፈያ ዘሩ እንጂ ክፍያው አይደለም። ማራቢያ ጣቢያው በለቀቀው ቁጥር ብቻ ሲመዘን ሠራተኛው ሁሉ ሳያስበው ወደ ቁጥር ያደላል፤ ገንዳው ይጨናነቃል፣ ዓሣው ቶሎ እንዲያድግ ይቀለባል፣ ቀድሞ የመጣው ዓሣ ሁሉ ለዘር ይያዛል። የመመለሻው ቁጥር የሚጎዳው በእነዚህ ነው።

አሁን ሂሳቡን ከኋላ ወደ ፊት እንሥራው። ከተዳቀለው ዕንቁላል 90 በመቶው ዓይን እስኪያወጣ ቢደርስ፣ ከዚያ 95 በመቶው ምግብ ለመጀመር ቢበቃ፣ ከእነዚያ ጫጩቶች 85 በመቶው ስሞልት ቢሆን፣ ከመቶ ዕንቁላል 73 ያህል ስሞልት ይገኛል። ለ200,000 ስሞልት ወደ 275,000 ዕንቁላል ያስፈልጋል። አንዲት እናት በአማካይ 4,000 ዕንቁላል ብትሰጥ 69 እናቶች ማለት ነው። ዘር ከመስጠታቸው በፊት 10 በመቶ ቢሞቱ፣ ሌላ 10 በመቶ ደግሞ በበሽታ ምርመራ ቢጣሉ፣ መያዝ ያለባችሁ 86 ሴትና 86 ወንድ፣ በድምሩ 172 ዓሣ ነው። እነዚህ መቶኛዎች በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ጣቢያ የሚደርስባቸው ናቸው፤ የራሳችሁን መዝገብ አውጥታችሁ በእነሱ ቦታ ተኩ።

ከዚሁ ሂሳብ አንድ ሌላ ነገር ይወጣል። 172 ዓሣ ለ200,000 ስሞልት 0.086 በመቶ ነው። ከለቀቃችሁት ውስጥ የሚመለሰው ከዚህ በታች ከወረደ ጣቢያው ራሱን እንኳ አይተካም፤ ለአጥማጁም ለወንዙም የሚተርፍ የለም። በአሜሪካ ታችኛው ስኔክ ወንዝ ላይ ያሉት አራት ግድቦች እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1975 ተሠርተው ሲያልቁ፣ በ1976 የጸደቀው የማካካሻ ዕቅድ ግቡን ያስቀመጠው በሚመለስ ዓሣ ነበር። በጸደይና በበጋ ወደ ወንዝ ለሚገባው ቺኑክ የተቀመጠው 58,700 ጎልማሳ ነው። ስሞልቱ የተሰላው 0.87 በመቶ ይመለሳል ተብሎ ነበር፤ ወንዙ ውስጥ የታየው መጠን ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ሆኗል። ጣቢያዎቹ ተሠርተው፣ ስሞልቱም ተለቅቆ፣ ግቡ ሳይደረስ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተም ከፈቃድ ሰጪው ጋር ስትነጋገሩ ግቡ በጎልማሳ ዓሣ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ወደ ሥራው ስንገባ የመጀመሪያው ስህተት ብዙውን ጊዜ ማጥመጃው ላይ ነው። ኮታውን ቶሎ ለመሙላት ከፊት የመጣውን ዓሣ ሁሉ ከያዛችሁ፣ ቀድሞ የሚመጣ ዘር ብቻ እየመረጣችሁ ነው። ይህ ጠባይ ይወረሳል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዓሣው ሁሉ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል፣ አንድ የሙቀት ወይም የጎርፍ ሳምንትም የዓመቱን ሁሉ ይወስዳል። የጉዞውን ወቅት በየሳምንቱ ከፋፍላችሁ፣ በእያንዳንዱ ሳምንት ከሚያልፈው ዓሣ ተመጣጣኝ ድርሻ ውሰዱ። መጠንም አትምረጡ። ከዕድሜያቸው በፊት የተመለሱትን ትንንሽ ወንዶች ፈጽማችሁ አታግልሏቸው፤ በተፈጥሮ የሚኖራቸውን ጥቂት ድርሻ ይያዙ።

የተያዘው ዓሣ ዘሩ እስኪበስል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ውሃው ከ12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ፣ ገንዳው ጥላ እንዲኖረውና ዓሣው ዘሎ ከግድግዳ እንዳይላተም አድርጉ። በተነካ ቁጥር ልጋጉ ይላጣል፣ በተላጠው ቦታ ፈንገስ ይይዛል። መብሰሉን ለማየት በሳምንት አንዴ፣ ወቅቱ ሲቃረብ ሁለቴ ይበቃል። የበሰለች ሴት ሆዷ ይለሰልሳል፣ ዕንቁላሉም ከተጣበቀበት ተላቆ በእጅ ሥር ሲንከባለል ይሰማል።

ማዳቀሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጣቢያ የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ ለማስተካከል ደግሞ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሳልሞን የወንድ ዘር ውሃ ከነካው በኋላ የሚንቀሳቀሰው ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዕንቁላሉ ላይ ያለችው ዘር መግቢያ ቀዳዳም ውሃ ከነካት በደቂቃ ወይም በሁለት ደቂቃ ትዘጋለች። ስለዚህ እናቲቱን ከገደላችሁ በኋላ ደሟን አፍስሱ፣ ሰውነቷን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ዕንቁላሉን በደረቅ ሳህን ተቀበሉ። ጠብታ ውሃ ሥራውን ቀድሞ ያስጀምረዋል፤ ደም ደግሞ ቀዳዳዋን ይደፍናል። የወንዱ ዘር እንደ ወተት ነጭ መሆን አለበት፤ ሽንት ወይም ደም የተቀላቀለበትን ጣሉት።

የአሥር ወንዶችን ዘር በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ በሁሉም ዕንቁላል ላይ ማፍሰስ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የአንዱ ወይም የሁለቱ ዘር ይበረታና አብዛኛውን ዕንቁላል ያዳቅላል። የተጠቀማችሁት አሥር አባት ይመስላችኋል፣ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ግን የሁለት አባት ልጅ ነው። ይልቅ የአንዲቱን እናት ዕንቁላል ለሁለት ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ግማሽ የተለየ ወንድ ስጡ፤ እነዚያኑ ሁለት ወንዶች ለሁለተኛዋ እናት ግማሾችም ተጠቀሙ። አንዱ ወንድ መካን ቢሆን እንኳ የሁለቱም እናቶች ግማሽ ይተርፋል። የወንዱ ቁጥር ማነስ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ይህን ሂሳብ ሥሩ፦ የወንዱን ብዛት በሴቷ ብዛት፣ ከዚያም በአራት አባዙ፤ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 90 ሴትና 10 ወንድ ቢኖራችሁ መቶ ዓሣ ይዛችኋል፤ በዘር ብዝኀነት ሲለካ ግን 36 ዓሣ እንደያዛችሁ ነው። 50 ለ50 ቢሆን መቶው መቶ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ዘሩን ካፈሰሳችሁ በኋላ ውሃ ጨምሩ፣ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ እጠቡ። ዕንቁላሉ ውሃ እየጠጣ በሚጠነክርበት ጊዜ በሊትር 100 ሚሊግራም አዮዲን ባለው ማጽጃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆይ። ውሃችሁ ማዕድን ያነሰው ከሆነ ማጽጃው ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ያወርደዋል፤ ከ6 በታች ከሆነ ዕንቁላሉን ይጎዳል፤ ስለዚህ በሶዲየም ባይካርቦኔት ወደ 7 አቅርቡት። አዮዲን የሚገድለው ላይ ላዩን ነው። ሬኒባክቴሪየም የሚባለው የኩላሊት በሽታ ባክቴሪያ ዕንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ በማጠብ አይወጣም። መፍትሔው ከእያንዳንዷ እናት ኩላሊት ናሙና ወስዶ ኤላይዛ በተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ማስመርመር፣ የእያንዳንዷን ዕንቁላል በተለየ ትሪ ላይ ቁጥር ለጥፎ ማስቀመጥና ከፍተኛ ውጤት የወጣባትን እናት ዕንቁላል ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ነው። ብዙ ዕንቁላል መጣል ያሳዝናል፤ የአንዷ በሽታ ወደ ገንዳው ሁሉ ከገባ በኋላ ግን የሚሞተው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጤነኛ የሚመስሉ ጫጩቶች ምግብ ሊጀምሩ ሲሉ እየተሽከረከሩ ሲዋኙና ሲሞቱ ካያችሁ ደግሞ የቪታሚን ቢ1 እጥረትን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ የሳልሞን ማራቢያዎች የታየው ይኸው ነበር። እናቲቱን በመርፌ መውጋት ወይም ዕንቁላሉን በቪታሚኑ ውሃ መንከር ይረዳል።

በማፈልፈያው ክፍል ቀን የሚቆጠረው በሙቀት ድምር ነው፦ በ8 ዲግሪ ውሃ 10 ቀን ቢቆይ 80 ይሆናል። ቺኑክ ወደ 250 ሲደርስ ዓይን ያወጣል፣ ወደ 500 ሲደርስ ይፈለፈላል፣ ወደ 900 ሲደርስ ምግብ ይጀምራል። በ8 ዲግሪ ይህ 31፣ 62 እና 112 ቀን ገደማ ነው። ከተዳቀለ ከሁለት ቀን በኋላ ዓይን እስኪያወጣ ድረስ ዕንቁላሉን አታንቀሳቅሱ፤ ትሪውን ማንኳኳት እንኳ ይገድላል። በተደረደሩት ትሪዎች ውስጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር ውሃ ይውረድ። ፈንገስን ለመከላከል በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በሊትር 1.67 ሚሊሊትር ፎርማሊን ለ15 ደቂቃ ይለፍ፣ መፈልፈያው ሲቀርብ ይቁም፤ ክፍሉ አየር ይኑረው፣ ሠራተኛውም ጓንትና መነጽር ያድርግ። በእያንዳንዱ ዕንቁላል ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች በግልጽ ሲታዩ ዕንቁላሉን ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ወደ ውሃ ባልዲ አፍስሱት። ሕያው የሆነው አይጎዳም። ያልተዳቀለው ወይም የሞተው ግን ሽፋኑ ተቀዶ በማግስቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ ለቅሞ ማውጣት ቀላል ነው። እውነተኛውን ቁጥር የምታውቁትም በዚህ ቀን ነው።

ጫጩቱን መቼ ወደ ገንዳ ታወርዳላችሁ? ሆዱን ገልብጣችሁ እዩ። የአስኳሉ ከረጢት ገብቶ በሆዱ መካከል አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ስንጥቅ ብቻ ሲቀር ጊዜው ደርሷል። ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ገንዳው ወለል ላይ ይተኛል፣ ያልተበላው ምግብ ይበሰብሳል፣ ስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካል) በባክቴሪያ ይያዛል። ከዘገያችሁ ደግሞ ጭንቅላቱ ትልቅ ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ መብላት አይለምድም።

የግድብ ውሃ የራሱ ችግር አለው። ከሐይቁ ጥልቀት የሚወጣው ቀዝቃዛ ቢሆንም በበጋ መጨረሻ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ አንዳንዴም የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይይዛል። በግፊት የሚመጣ ውሃ ናይትሮጅን ከመጠን በላይ ሊሸከም ይችላል፤ በጫጩቱ ክንፍና ዓይን ዙሪያ ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። የጋዙ ሙሌት ከ103 በመቶ ካለፈ ውሃው በፕላስቲክ ቀለበቶች በተሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ከላይ ወደ ታች እየተበታተነ እንዲወርድ አድርጉ፤ ትርፉ ናይትሮጅን ይወጣል፣ የጎደለው ኦክስጅን ይገባል። ከግድቡ አጠገብ ሆኖ መብራት አይጠፋም ብሎ ማሰብም አደገኛ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 20 ኪሎ ዓሣ ካለ በሰዓት 5 ግራም ያህል ኦክስጅን ይወስዳል። ውሃው 10 ሚሊግራም በሊትር ይዞ ቢቆም ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢዘገይ ነው ዓሣው መታፈን የሚጀምረው፤ ከደነገጠ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ ያለ ፓምፕ በራሱ የሚወርድ ውሃ፣ ወይም ሁለተኛ ፓምፕና ጄኔሬተር፣ እንዲሁም የውሃ ከፍታ ሲወርድ የሚጮህ ደወል ያስፈልጋል። ደወሉን በየሳምንቱ ቫልቩን ዘግታችሁ ፈትኑት።

በማሳደጊያው ገንዳ 15 ሴንቲሜትር የደረሰ ዓሣ በሜትር ኩብ ከ15 እስከ 20 ኪሎ እንዳያልፍ፣ ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ኦክስጅንም ከ7 ሚሊግራም በሊትር እንዳይወርድ። ለገበያ የሚያረቡ ሰዎች ከዚህ በላይ ያጨናንቃሉ፤ እነሱ ዓሣውን ባሕር ተሻግሮ እንዲመለስ አይጠብቁትም። ምግብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ስምንት ወይም አሥር ጊዜ በትንሽ በትንሹ፣ ከክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰጥ፤ ሲያድግ ወደ 1 በመቶ ይውረድ። ክረምት ላይ እድገቱ መቀዝቀዝ አለበት። ብዙ ጣቢያ ትልቅ ስሞልት ለማውጣት ሲል ክረምቱንም ይቀልባል፤ በደንብ የወፈሩት ወንዶች ግን ባሕር ሳያዩ በወንዙ ውስጥ ለዘር ይደርሳሉ። በለቀቃችሁት ቁጥር ውስጥ ተቆጥረዋል፣ በተመላሹ ቁጥር ውስጥ ግን አይገኙም። ለጸደይ ቺኑክ ከ25 እስከ 30 ግራም በቂ ነው። ከመልቀቂያው ወር በፊት መቶ ያህል ዓሣ ከፍታችሁ እዩ፤ የወንዱ ዘር ከረጢት አብጦ የምታገኙት ብዙ ከሆነ የበጋና የክረምት ምግቡን ለሚቀጥለው ዓመት ቀንሱ።

ስሞልቱ መብሰሉን በቀን መቁጠሪያ አትወስኑ። በጎኑ ያሉት ጥቁር ሰረዞች ጠፍተው ብርማ ሲሆን፣ የክንፉ ጫፍ ሲጠቁር፣ ቅርፊቱ በእጅ ሲለቅ ምልክት ነው። ለማረጋገጥ ጥቂቶችን ለ24 ሰዓት የባሕር ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ የደማቸውን ሶዲየም አስለኩ። በሊትር ከ170 ሚሊሞል በታች ከሆነ ተዘጋጅተዋል። ከመልቀቅ በፊት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንዲመለሱበት በምትፈልጉት ወንዝ ውሃ በሚሞላ ኩሬ ውስጥ ይቆዩ፤ ሳልሞን የትውልድ ውሃውን ሽታ የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው። በጭነት መኪና ታች አውርዶ መልቀቅ በጉዞ ላይ የሚሞተውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን መንገዱን ያልሸተተ ዓሣ ሲመለስ ሌላ ወንዝ ይገባል። ከዚያ ወንፊቱን አንሱና በራሳቸው ይውጡ፤ የሚሻለው ማታ፣ ውሃው ከፍ ሲል ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ያልበሰሉ ወይም ቀድመው የደረሱ ወንዶች ስለሆኑ ቁጥር ለመሙላት ብላችሁ በግድ አታስወጧቸው።

መዝገቡን በተመለከተ ጣቢያ ወለድ መሆኑ እንዲለይ ሁሉም ዓሣ የጀርባው ትንሽዋ የስብ ክንፍ ይቆረጥለት፤ በየጊዜው ከተለቀቁት ቡድኖች ደግሞ የተወሰነው ክፍል በአፍንጫው ለስላሳ አጥንት ውስጥ 1.1 ሚሊሜትር የሚረዝም ኮድ ያለው ሽቦ ይግባለት። ሁለት የአለቃቀቅ መንገድ ልታወዳድሩ ከሆነ በእያንዳንዱ 50,000 ምልክት አድርጉ፤ 0.1 በመቶ ቢመለስ 50 ዓሣ፣ 0.15 ቢመለስ 75 ታገኛላችሁ። በ5,000 ብትሞክሩት 5 እና 7 ወይም 8 ነው፤ በዚያ ምንም መወሰን አይቻልም። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ የአንድ ዓመት ስሞልት ትልቁ ክፍል የሚመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው በሦስተኛው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ሂሳቡ የተዘጋው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልቀቂያዎች ብቻ ነው። የዘንድሮን ተመላሽ ከዘንድሮ ስሞልት ጋር አታካፍሉ፤ እያንዳንዱን መልቀቂያ ለብቻው ተከታትላችሁ ቁጠሩ።

ከግድቡ በታች በራሱ የሚራባ ዓሣ ካለ የጣቢያውና የወንዙ ዘር ምን ያህል እንደተቀላቀለ መለካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 በኦሪገን ሁድ ወንዝ ስቲልሄድ በተባለው፣ ባሕር ደርሶ በሚመለስ የትራውት ዓሣ ላይ የታተመ ጥናት፣ በጣቢያ ያደገ እያንዳንዱ ትውልድ በተፈጥሮ የመራባት አቅሙ 40 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። መለኪያው ቀላል ነው። ለዘር ከያዛችሁት ውስጥ ወንዝ ወለድ የሆነውን ድርሻ፣ ለዚያው ድርሻና ወንዙ ውስጥ ዘር ከሚጥሉት መካከል ጣቢያ ወለድ ለሆኑት ድርሻ ድምር አካፍሉ። 0.2 እና 0.6 ቢሆኑ ውጤቱ 0.25 ነው። የአሜሪካ ማራቢያዎችን የገመገመው የሳይንስ ቡድን ዋና ለሆኑ ዘሮች የመከረው ቢያንስ 0.67 ነው። ወደዚያ ለመቅረብ ጣቢያ ወለዱን በማጥመጃው ላይ ለይታችሁ አስቀሩ፣ ከወንዝ ወለዱም በቂ ድርሻ ለዘር ያዙ።

ጣቢያ የሚተካው የመራቢያውንና የጫጩት ማሳደጊያውን ሥራ ብቻ ነው። ከባሕር ሥጋውን ተሸክሞ መጥቶ የላይኛውን ጅረት ያዳብር የነበረውን ሬሳ፣ ከሳልሞኑ ጋር መንገድ የተዘጋበትን ላምፕሬይ የተባለ እባብ መሰል ዓሣ፣ ጣቢያ አይመልሳቸውም። በዋሽንግተን ግዛት ኤልዋ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 የተጠናቀቀው ግድብ ሕግ የሚጠይቀውን መተላለፊያ ትቶ ማራቢያ ተሠራለት፤ ማራቢያው በ1922 ተዘጋ፤ ግድቡ ግን እስከ 2012 ቆየ። ከግድባችሁ በላይ ያለው ወንዝ አሁንም ንጹሕና ቀዝቃዛ ከሆነ ጎልማሳውን በመኪና ወደ ላይ ማጓጓዝና ጫጩቱን ከሐይቁ ላይ ሰብስቦ ማውረድ በቁም ነገር መታየት አለበት። በዚያው ግዛት በቤከር ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተንሳፋፊ መሰብሰቢያ ይህን ይሠራል።

ለዚህ ወቅት ከማጥመጃው ጀምሩ፦ ሳምንታዊ ኮታ፣ እኩል የወንድ ቁጥር፣ ለእያንዳንዷ እናት የተለየ ትሪ። ከገንዳው ደግሞ ከመልቀቂያ በፊት የመቶውን ዓሣ ምርመራ አስቀድሙ። ያንን ውጤት፣ የክረምቱን የምግብ መዝገብና የሦስቱን የተዘጉ መልቀቂያዎች ተመላሽ ከላካችሁልኝ ጉድለቱ ከገንዳው ነው ወይስ ከወንዙ የሚለውን መለየት ይቻላል።